ከጽሑፉ ሥር የነበረው ፎቶ

ብሩክታይት ቢቸና ውስጥ እህል ትነግዳለች፤ ሱቃችን ግድግዳ ለግድግዳ ነው። እሷ ስትቀየም ዝም ትላለች። እኔ ግን ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም፤ ይህን ሳወራ አሁንም ያንገበግበኛል።

ባለፈው ክረምት በከተማችን የፌስቡክ ገጽ ላይ የከብት ገበያው ከትምህርት ቤቱ መንገድ ይነሳ አይነሳ የሚል ክርክር ተጀመረ። ብሩክታይት ይነሳ አለች። ልጇን አርሴማን ከገበያው በርግጎ የወጣ በሬ ረግጦ የገደላት እዚያ መንገድ ላይ ነው። ይህን ግን አልጻፈችም፤ በልጄ ሞት የሰው አፍ አልዘጋም አለችኝ። ልጆች በሰላም ቤታቸው ይግቡ ብላ ብቻ ጻፈች።

ምንይሉ የሚባል ሞጣ የሚኖር ከብት ነጋዴ አለ፤ ክርክር መሸነፍ አይወድም። ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ገጿን ወደ ኋላ ሲጎረጉር ከዓመታት በፊት፣ አርሴማ ሳትሞት «ገበያው ከዚህ ከተነሳ ምን በልተን ልናድር ነው?» ብላ የጻፈችውን አገኘ። እሱን ለጠፈና የትኛዋን ብሩክታይት እንመን ብሎ ጠየቀ። ገጹ ላይ ያለው ሰው አብዛኛው ርቆ የሚኖር ስለሆነ የደረሰባትን አያውቅም፤ ሳቀባት። ከዚያ በኋላ ማን ይሰማታል? ገበያው እንዳለ ሊቀር ነው ብዬ ደሜ ፈላ።

የሰው የቆየ ጽሑፍ ማንበብ በራሱ ነውር አይመስለኝም፤ ራሱ አደባባይ ያወጣው ነው። ግን የሰው በር አንኳኩቶ እንደመግባት፣ ዛሬም ሐሳብሽ ያው ነው ወይ ብሎ መጠየቅ ምን ይጎዳል?

ልክ ልኩን ልንገረው ስላት እምቢ አለች። እንግዲያው የድሮውን ጽሑፍ አጥፊው አልኳት። እሱንም አላደርግም አለችና ስልኳን ሰጠችኝ። ከጽሑፉ ሥር አርሴማ የጤፍ ጆንያ ላይ ቁጭ ብላ፣ የፊት ጥርሷ ወልቆ ትስቃለች። ምንይሉ ጽሑፉን ብቻ ለጥፎ ፎቶውን ቆርጦ ጥሎታል።

በገበያ ቀን ምንይሉ ቢቸና መጣና ምንም እንዳልተፈጠረ ሱቋ በር ላይ ቆሞ ሰላም አላት። ልሰድበው ስነሳ በዓይኗ አስቀመጠችኝ። ፎቶውን አሳየችው።

«ልጄ ናት። በሬ የገደላት» አለችው። «አንተ የቆረጥከው እሷን ነው።»

ሰውየው ስልኩን እንደያዘ ጆንያ ላይ ተቀመጠ፤ ሞቷን ገና መስማቱ ነበር፤ እንባው መጣ። ሲቆይ፣ ሙሉውን ልለጥፈው ወይ ብሎ ጠየቃት። መጀመሪያ ያልጠየቃትን ያን ቀን ጠየቃት። ብሩክታይት ስልኳን ተቀብላ ፎቶውን አየችው።

«ስሟንም ጻፍበት» አለችው።