የኤሉዋ ጣት

ኤሉዋ ፕሩቮ የእንጨት ጫማ ጠራቢ ነበር። የፒካርዲ አውራጃ ልጅ፣ ለፍላፊ፣ ግን እጀ ወርቅ። ከመንደሩ ልጆች ጋር ተመልምሎ ወደ ሳክሶኒ ጦር ሜዳ ሲነዳ አስር አለቃው እኔ ነበርኩ። ሥልጠና ተሰጣቸው እንዳትሉኝ! ነባሮቹን ወታደሮች የሩሲያ በረዶ ጨርሷቸው ስለነበር፣ እነዚህን ያሠለጠንናቸው በመንገድ ላይ ነው፤ ለእረፍት በቆምን ቁጥር በባዶ ጠመንጃ። ሦስት ረድፍ ሠርተው መቆም ተማሩ። እንደዚያ ቆመው እውነተኛ ጥይት መተኮስን ግን ማንም አላለማመዳቸውም። እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

በመጀመሪያው ውጊያ አልሸሹም፤ ይህን እመሰክርላቸዋለሁ። ተኩሱ ሲያበቃ ግን የኤሉዋ የቀኝ እጅ ሌባ ጣት የለም። ቁስሉ ዙሪያውን በባሩድ ጠቁሯል። አዛዣችን ኮሎኔሉ ይህን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ይሄ ከቅርብ የተተኮሰ ነው። ከጦርነት ለማምለጥ ራስህን መትተሃል። ነገ ጠዋት ትረሸናለህ!»

«ጌታዬ፣ እናቴን የማበላው እኮ በዚህ እጅ ነው! ምን ነክቶኝ እመታዋለሁ?»

ወታደሮች ይዘው አሰሩት። ያን ጊዜ የጦሩ ሐኪም እጁን እየጠራረገ መጣ፤ ግልፍተኛ ሰው ነው።

«ዛሬ እጃቸውን የተመቱት በሙሉ የፊት ረድፍ ልጆች ናቸው። ሁሉም ተማክረው ነው? እስቲ እርስዎ ፊት ቆመው ይሞክሩት።»

ኮሎኔሉ እልኸኛ ነው፤ ጠመንጃ ተቀበለና ፊት ቆመ። እኔ መሃል ገባሁ። ከኋላዬ፣ በውጊያው በሦስተኛው ረድፍ ከኤሉዋ ኋላ የነበረው የአገሩ ልጅ ባዚል ቆመ። ጥይት የለም፣ ባሩድ ብቻ። ኮሎኔሉ ጠመንጃውን ሊያጎርስ የባሩድ መጠቅጠቂያውን ዘንግ ይዞ ክንዱን ከፍ ሲያደርግ፣ ሐኪሙ «ተኩስ!» አለ፤ ባዚልም በትከሻችን ላይ አሻግሮ ተኮሰ።

«የሰይጣን ልጅ!» ኮሎኔሉ የሚጨስ እጅጌውን እያራገፈ ዘለለ። እጅጌውን አየ፤ የኤሉዋን እጅ አየ። «ክንዴን ሊያሳጣኝ ነበር እኮ!» ብሎ ሳቀ። «በሉ፣ ልጁን ፍቱት።»

እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ አልኩ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ ተረፈ።

ባዚል ግን ጠመንጃውን ጥሎ ይንሰቀሰቃል። «እኔ ነኝ ለካ! ኤሉዋ፣ እኔ ነኝ የመታሁህ!»

ኤሉዋ በደህና እጁ ማጅራቱን ያዘው።

«ዝም በል አንተ ቂል። ትንሽ ወደ ግራ ብትል ጭንቅላቴን ነበር። እንኳን ሳትከኝ!»