ጥፍር የገባበት ሙጫ

ዘንግ ሠሪዋ በኩባያው ሥር በቀረው ሙጫ ላይ አውራ ጣቷን ጫነች። ጥፍሯ ገባ።

እጇን አንስታ አየችው። በቢጫው ሙጫ ላይ ቀጭን ጎባጣ ምልክት ቀርቷል። ሌላ ቦታ ሞከረች፤ አሁንም ገባ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሆኗል። ታላቅ ወንድሟ የዓሣ ማጥመጃ ዘንጉን ሊወስድ መንገድ ላይ ነው፤ ጀልባው ደግሞ አምስት ሰዓት ላይ ይነሣል።

በዚያ ቤት የሙጫ ኩባያ አይጣልም። ልማዱ የአባቷ ነው። ሙጫውንና ማጠንከሪያውን እኩል መዝኖ ያዋህድ ነበር፤ ከሥራ የተረፈውን እኩባያው ውስጥ ትቶ፣ ቀኑን ጽፎበት፣ መስኮቱ ላይ ይደረድረው ነበር። ዘንግ ለባለቤቱ ከመሰጠቱ በፊት ኩባያው ይመረመራል። «ዘንጉ ውስጥ ገብተሽ አታዪም። ኩባያው ግን የአንድ እናት ልጅ ነው፤ የወንድሙን ጉድ ይነግርሻል» ይላት ነበር። ጥፍር ከተንሸራተተ ዘንጉ ይሄዳል፤ ከገባ አይሄድም። አባቷ ከሞተ አምስተኛ ወሩ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ብቻዋን የሠራችው የመጀመሪያው ከባድ ዘንግ ደግሞ ይኸው ነው።

ሲያዩት እንከን አይወጣለትም። ርዝመቱ ሁለት ሜትር ሊሞላ አምስት ሳንቲ ሜትር ይቀረዋል። ሥራ ከመጀመሯ በፊት በመዳፏ እያንከባለለች ጠንካራ ጀርባው በየት በኩል እንደሆነ ለይታለች፤ ክር የሚያልፍባቸውን ዘጠኝ ቀለበቶች በዚያው ጀርባ አሰልፋ አንድ በአንድ በቀጭን ክር ጠምጥማ አስራቸዋለች። ሦስት ሳምንት ፈጅቶባታል። የሚያሠጋው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ የመዘውሩ መቀመጫ። ክሩን የሚጠቀልለው መዘውር የሚታሰረው እዚያ ላይ ነው፤ ከትልቅ ዓሣ ጋር የሚታገል ሰው ደግሞ በወገቡ መታጠቂያ ከመዘውሩ ጋር በሁለት ማሰሪያ ይያያዛል። መቀመጫው ዘንጉ ላይ ከዞረ መዘውሩ ይገለበጣል፣ ሰውየውንም ይዞት ይሄዳል። መቶ ሃምሳ ኪሎ ዓሣ «ቆይ ማሰሪያህን ፍታ» አይልም።

የሥራ ደብተሯን ገለጠች። የመቀመጫው ማጣበቂያ፦ ሙጫ አሥር ግራም፣ ማጠንከሪያ አሥር ግራም። ቀኑ አለ፣ ሰዓቱ አለ። «የተማሰለበት ደቂቃ» ከሚለው ፊት ለፊት ግን ባዶ ነው።

ያን ቀን ማማሰያ ስትፈልግ መሳቢያው ውስጥ የአባቷን መነጽር አገኘች። ግራው መስታወት ላይ የደረቀች የሙጫ ጠብታ ነበረች። ከዚያ በኋላ ሦስት ደቂቃ አማስላ ይሁን ሠላሳ ሰከንድ፣ ዛሬም አታውቀውም።

በሩ ተበረገደ።

«ዳኛዋ! ፈረድሽ ወይስ ይግባኝ ልበል?» አለ ወንድሟ። ከልጅነቷ ጀምሮ ያልመረመረችው ነገር ስለሌለ ስሟን ረስቶታል ማለት ይቻላል።

«ቁጭ በል፣ ወንድምጋሼ።»

«ምን ቁጭ ያሰኛል? ስጪኝና ልብረር። የጀልባው መካኒክና ጓደኞቹ ሞተር አሙቀው ነው የሚጠብቁኝ።»

«ኩባያው አልደረቀም።»

ሳቀ። «ዓሣውን በኩባያ ልይዘው ነው እንዴ?»

«አትቀልድ። ጥፍር ይገባበታል።»

ኩባያውን ተቀብሎ አየው። ሳቁ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። «አንቺ ደግሞ! እኩባያ ጥግ ላይ የሚቀር ሙጫ ሳይዋሃድ ይቀራል ሲል አባባን አልሰማሽም? የዘንጉ ደህና ሊሆን ይችላል።»

«ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል። ለዚህ ነው ቁጭ በል የምልህ። እንፈትነዋለን።»

«ዓሣው ወረፋ ይዞ የሚጠብቀኝ መሰለሽ? ዘንድሮ በዚህ የሚያልፈው በዚህ ሳምንት ነው። ከዚህ ሳምንት በኋላ ዘንጉን ልብስ ልሰቅልበት ነው?»

የዘንጉን እጀታ በጨርቅ ጠቅልላ ጠረጴዛው ላይ በተተከለው መንከሻ ብረት፣ በሞርሳው አጠበቀችው። በመዘውሩ ቦታ ወደ ጎን የወጣ ረጅም ብረት አሰረች። ከመቀመጫው ጀምራ ዘንጉ ላይ የሚዘልቅ ቀጥ ያለ መስመር በእርሳስ አሰመረች፤ መቀመጫው ቅንጣት ታህል ቢዞር መስመሩ ይሰበራል። ከዚያ በብረቱ ጫፍ ባልዲ ሰቅላ አሸዋ መጨመር ጀመረች።

አሥር ኪሎ። መስመሩ ቀጥ እንዳለ ነው። አሥራ አምስት። ሃያ። ሁለቱም አጎንብሰው አዩ፤ ምንም የለም።

«በቃ!» አጨበጨበ። «ለከንቱ ነው ልቤን ያንጠለጠልሽው። ፍቺልኝ።»

እሷም እጇን ወደ ሞርሳው ሰደደች። ግማሽ ሰደደችና መለሰችው።

«ጀልባው ላይ ጥላ አለ?»

«ምን?»

«ከነጋ እስኪመሽ ፀሐይ ላይ አይደለህም? ያልበሰለ ሙጫ በጥላ ይጠነክርና በሙቀት ይለሰልሳል። እዚህ ያየነው የጥላውን ነው።»

«እናቴን! አንቺ እኮ ሞተሽም መልአኩን መታወቂያ ትጠይቂዋለሽ።»

«ጠረጴዛውን በዚያ በኩል ያዝልኝ።»

እያጉረመረመ ያዘላት። ጠረጴዛውን ከነሞርሳው፣ ከነዘንጉ፣ ከነባልዲው ግቢው መሀል ፀሐይ ላይ አወጡት። አራት ሰዓት ከሩብ ነበር። እሷ መስመሩ ፊት ተንበረከከች። እሱ ከበሩ እስከ ግድግዳው ይመላለሳል፤ ስልኩ ይጮኻል፣ ያጠፋዋል፣ ደግሞ ይጮኻል።

«መጣሁ አልኩ እኮ! አምስት ደቂቃ!» ብሎ ጮኸበት። ወደ እሷ ዞረ። «ይኸው ሃያ ደቂቃ ተቀቀለ። ምን ሆነ? ምንም። አሁን ብሄድ እደርሳለሁ።»

«ና እየው።»

መስመሩ ተሰብሯል። ስብራቱ ፀጉር ያህላል።

«ብርሃኑ ነው» አለ። ዓይኑን ጠረገ፣ ዝቅ ብሎ አየ። «እርሳሱ ነው።»

መከራከር አላስፈለገም። ባልዲው ድምፅ ሳያሰማ፣ ማንም ሳይነካው፣ እንደ ሰዓት ቆጣሪ ዝግ እያለ መውረድ ጀመረ። ብረቱ አብሮት ዘመመ። ባልዲው መሬት እስኪነካ ሁለቱም ቆመው አዩት።

ወንድሟ መቀመጫውን ያዘና በእጁ አዞረው። ዞረለት። ዘንጉ በሚገባበት የመቀመጫው አፍ ላይ ሙጫው እንደ ማስቲካ ተጎተተ። ጣቱን ሱሪው ላይ ጠረገ፣ ደግሞ ጠረገ።

«ሦስት ሳምንት ሙሉ!» አለ። «ሦስት ሳምንት ስጠብቅሽ! አባባ ቢሆን ኖሮ…»

«አባባ ቢሆን ያማስለው ነበር» አለች። «እኔ ነኝ ያላማሰልኩት። ደቂቃውን አልቆጠርኩም።»

ስልኩ እንደገና ጮኸ። አነሣው። «ስማ፣ እናንተ ሂዱ። ዘንጉ አልደረሰም… አይ፣ ሥራ በዝቶባት ነው…»

እጇን ዘረጋች። ሳይወድ ሰጣት።

«መካኒክ፣ እኔ ነኝ። ዘንጉማ ደርሶ ነበር። ሙጫውን በደንብ ሳላዋህድ ለጥፌው ነው። አሁን በሃያ ኪሎ ዞረ።»

«በሃያ?» አለ መካኒኩ በሞተሩ ድምፅ መሀል።

«በሃያ። ፀሐይ ላይ።»

«እ… በይ እሺ። ንገሪው፣ ሌላ ጊዜ እንወስደዋለን።» ዘጋው።

ስልኩን መለሰችለት። ወንድሟ የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ፊቱ ቲማቲም መስሏል፤ ከፀሐዩ ይሁን ከንዴቱ አይታወቅም።

«ስንት ቀን?» አለ በመጨረሻ።

«አሮጌውን ሙጫ ጠርጎ እንደገና ለመለጠፍ አንድ ቀን። እስኪበስል ሰባት።»

«ዓሣው ያኔ አልፏል።»

«አልፏል።»

መቀመጫውን ስባ አወጣችው፤ ሁለት እጅ እንኳ አላስፈለጋትም። እሱ በተጋለጠው ዘንግ ላይ የተዝረከረከውን ሙጫ አየው፤ አንድ ጎኑ እንደ ድንጋይ ደርቋል፣ አንድ ጎኑ ገና ማር ነው። ከወደቡ የጀልባው ጡሩምባ ሁለት ጊዜ ተሰማ። ቀና አላለም።

«ብርጭቆ ወረቀቱን ወዲህ በይ» አለ።

«ሻካራውን አይደለም፣ ልስልሱን። ዘንጉ የተሠራበትን ፋይበር ከነካኸው ዘንጉም አብሮ ተበላሸ ማለት ነው።»

«አውቃለሁ።»

«አታውቅም። ቀስ በል።»

ቀስ አለ።