ጋሽ ክዳን እና የትምህርት ቤቱ ቧንቧ

በስሙ የሚጠራው የደመወዝ ወረቀቱ ብቻ ነው። ለእኛ ጋሽ ክዳን ነው። የአካባቢ ጤና ክፍል ኃላፊ ሆኖ ምግብ ቤት ሲገባ፣ ጉድጓድ ሲያይ፣ መጸዳጃ ሲፈትሽ የመጀመሪያ ቃሉ «ክዳኑስ?» ነበርና። ደብዳቤዎቹን ሠላሳ ዓመት የተየብኩት እኔ ነኝ። ስንቱን ኩሽና እንዳሳሸገ፣ ስንቱም እንደረገመው አውቃለሁ።

ጡረታ ሊወጣ አምስት ቀን ሲቀረው ከላቦራቶሪ ወረቀት መጣ፤ የትምህርት ቤቱ ውኃ ተበክሏል ይላል። ባለፈው ወር «ለመጠጥ ይሆናል» ብሎ የፈረመው ራሱ ነው። የልጅ ልጁም እዚያ ነው የምትማረው። የፈሩት ይደርሳል ማለት ይኼ ነው። ወዲያው ስልክ ደውሎ ቧንቧውን አዘጋና ወንበሩ ላይ ዝርፍጥ አለ።

«ስንት ልጅ ጠጥቶት ይሆን?» አለኝ።

ናሙናውን የቀዳችው እሱ ያሠለጠናት ተተኪው ናት፤ በንጽሕና ከእሱም የባሰች። አስጠራት።

«አንቺ ልጅ፣ ስትቀጂ ያደረግሽውን አንድ ሳታስቀሪ ንገሪኝ።»

«ውኃውን ለቅቄ አፈሰስኩ፣ ቧንቧውን በእሳት ለበለብኩት... ከዚያ አፉ ላይ ጥላሸት ስላየሁ በሻርፔ ጫፍ ወለወልኩት።»

«በሻርፕሽ!»

«ንጹሕ ነው እኮ ጋሼ፣ ጠዋት ያጠብኩት ነው።»

ሳቄ መጣ፤ ዋጥኩት። የታጠበ ጨርቅም ጀርም አያጣም፤ በእሳት የጸዳን ነገር መልሶ በጨርቅ መወልወል የንጹሕ ሰው ጥፋት ነው። ግን ጥፋቱ የሻርፑ ይሁን የውኃው በምን ይታወቃል? ጋሽ ክዳን ሄዶ በገዛ እጁ ሦስት ጠርሙስ ቀድቶ መጣ። ውጤቱ አንድ ቀን ይፈጃል። ያን ቀን የሻይ ፔርሙሱን ሳይከድን ተወው፤ እኔም የፈራሁት ያኔ ነው።

በማግስቱ ስልኩ ጮኸ። ሦስቱም ንጹሕ! እፎይ ብሎ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እኔማ ሳላፍር አለቀስኩ። ተተኪው የሥራ መልቀቂያዋን ጽፋ በር ላይ ቆማለች።

«ቅደጂው» አላት። «እኔም በጀመርኩ ዓመት የአንድ መንደር ቧንቧ በመሀረቤ ወልውዬ ቀድቻለሁ። ቧንቧው ተዘግቶ ሰዉ ወር ሙሉ ወንዝ ወረደ። አንቺ ስጠይቅሽ ተናገርሽ። እኔ ግን ይኸው እስከ ዛሬ ዝም።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ለሠራተኛው ሁሉ የሚበተን ማስታወቂያ አስጻፈኝ፦ ቧንቧ ከተለበለበ በኋላ በጨርቅ አይወልወል፤ ይህን ስሕተት ሠርቶ የደበቀው የክፍሉ ኃላፊ ነው።

«ከሥር ‹ኃላፊው› ልበል?» አልኩት።

«አይ፣ ስሜን ከነአባቴ ጻፊው» አለኝ።