የኬናንጋ ግራ ዓይን

ፓክ ሳርዎኖ («ፓክ» እኛ ዘንድ አባባ እንደ ማለት ነው) ማላንግ ከተማ ገበያ ጀርባ የልብስ ስፌት መኪና ይጠግናሉ። እኔ ጎረቤታቸው ነኝ፤ መስታወት እቆርጣለሁ። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ አብራቸው የምትውለው ኬናንጋ የምትባል ዘንዶ ናት። ወንፊት ክዳን ያለው የመስታወት ሣጥኗን የገጠምኩላቸው እኔ ነኝ። ከደንበኛ ይልቅ ከእሷ ጋር ሲያወሩ ይውላሉ።

ዘንዶ ቆዳዋን ልትጥል ስትል ዓይኗ ወተት የገባበት ይመስላል፤ ምግብም አታይም። ከዚያ አፍንጫዋን ከሻካራ ነገር ጋር አሽታ እንደ ካልሲ ገልብጣ ታወልቀዋለች። የዓይኗ ሽፋን ሳይቀር አብሮ ይወጣል። በእኛ ገበያ ዓይኑ ያልጎደለ ቆዳ ሱቅ በር ላይ ይሰቀላል፤ ደንበኛን ከሩቅ ያያል ይባላል።

ጨርቅ ነጋዴዋ ላስትሪ አዲስ ሱቅ ልትከፍት ስትል መጣች።

«ፓክ፣ ዓይኑ ያለበት ነው የምፈልገው። ዕውር ቆዳ ሰቅዬ ደንበኛው ሁሉ ጎረቤት ይግባ?»

«ኬናንጋ እንደ አንቺ ከሜትር ላይ አትሸርፍም! ሙሉውን ነው የምታወልቀው።»

«እንግዲህ ቃል ነው!»

«ቃል ነው።»

በጋው ያን ጊዜ ያቃጥል ነበር። ፓክ ሳርዎኖ አሳዘነቻቸውና ቬንቲሌተራቸውን ወደ ክዳኑ አዞሩላት። ሰውን ያበረደ ነፋስ እሷን አደረቃት። ቆዳው ቁርጥራጭ እየሆነ ወጣ፤ ሁለቱም ዓይኖቿ ላይ ሽፋኑ እንደ ስስ ወረቀት ተጣብቆ ቀረ።

«ይተዉት ፓክ፤ እርጥብ ጨርቅ ውስጥ ትቆይ» አልኳቸው።

«ላስትሪ ነገ ትከፍታለች። የጭንቅላቷ ቆዳ ከነዓይኑ እንኳ ይድረሳት። በዚች መርፌ ቀዳዳ ክር ሳሾልክ የኖርኩ ሰውዬ ይሄ ያቅተኛል?»

ወረንጦ አነሱ። የግራውን ሽፋን ጫፍ ይዘው ሳብ ሲያደርጉት ከስሩ ያለው ሕያው ሽፋን አብሮ ተነሳ። ኬናንጋ ተጠቅልላ ወረንጦውን ከእጃቸው ጣለችው። ፓክ ሳርዎኖ ጣታቸው ላይ የቀረውን እርጥበት አዩ። ቀኙን አልነኩትም።

የእንስሳት ሐኪሟ ጋሉህ ገና እንዳየቻት፣ «ማነው የነካው?» አለች።

«እኔ።»

«በሚቀጥለው የቆዳ ጊዜ በራሱ ይወድቅ ነበር፣ ፓክ። የቸገራት እርጥበት ነው።»

ፓክ ሳርዎኖ የሰጠቻቸውን የዓይን መድኃኒት ሳያጓድሉ ጨመሩላት። ዓይኑ ግን አመረቀዘ፤ ኋላም ሟሸሸ። ሣጥኗ ውስጥ እርጥብ ጨርቅ ስለማይጠፋ፣ በተከታዩ የቆዳ ጊዜ ቀኝ ዓይኗ ያለማንም እጅ ሽፋኑን ጥሎ ጠራ። ፓክ ሳርዎኖ ይህን ሲያዩ ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ላስትሪ ወሬው ሲደርሳት መጣች። «ቆዳ ነው እንጂ ዓይን መቼ ጠየቅኩ፣ ፓክ?»

«አልጠየቅሽም ልጄ። ከአፌ ለወጣው ቃል ብዬ ነው።»

አሁን ኬናንጋ በግራ ጎኗ በኩል እጅ ሲመጣባት ትሸማቀቃለች፤ የሚመግቧትን አይጥም ልትይዝ ስትወረወር ትስታለች። ስለዚህ ፓክ ሳርዎኖ ሊመግቧት ሲሉ መጀመሪያ ራሷ ወዴት እንደዞረ ያያሉ፤ ግራዋ ወደ እሳቸው ከሆነ ጉልበታቸውን ይዘው ተነስተው፣ ጠረጴዛውን ዞረው በቀኟ ይመጣሉ።

«የሚሽከረከር ጠረጴዛ ልሥራልዎት፤ ሣጥኑን ቁጭ ብለው ያዞሩታል» አልኳቸው።

«ተወው» አሉኝ፤ «እኔ ልዙር።»