ቁጥርን ከጭራው የምታነብ ሴት

በሆስፒታላችን ኮምፒውተር ክፍል «እቴቴ ጭራ» የምንላት ባልደረባ አለችን። ወደ እኛ የመጣችው ዕቃ ግምጃ ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታ ነው። እዚያ የአንድ ፋብሪካ ዕቃ ሁሉ የቁጥሩ መጀመሪያ አንድ ዓይነት ነው፤ የሚለየው መጨረሻው ነው። እሷም ማንኛውንም ቁጥር ከጭራው ማንበብ ለምዳ ቀረች። ስልክ ቁጥር ሲነግሯት እንኳ «መጨረሻውን ንገረኝ» ትላለች። ስንስቅባት «ሳቁ፣ ጥርሳችሁ አየር ያግኝ» ብላ ታልፈናለች።

አንድ ጠዋት የትልቁ ኮምፒውተራችን ዲስክ ሊሞላ ጥቂት ቀረው። በሆዱ ውስጥ ሁለት መቶ ያህል ቨርቹዋል ማሽኖች አሉ፤ እያንዳንዱ ራሱን የቻለ ኮምፒውተር መስሎ ይሠራል። ስማቸው ብዙ ጊዜ ስለተቀያየረ የምናምነው መለያ ቁጥራቸውን ብቻ ነው፦ አሥራ ስድስት ጥንድ አሃዝ፣ ሁለት ማሽን የማይጋራው። እኔ የሆስፒታሉ ክፍሎች የየማሽናቸውን ቁጥር ያስመዘገቡበትን መዝገብ፣ ማሽኖቹ ከፈርምዌራቸው፣ ማለትም ሲነሡ ከሚቀሰቅሳቸው መነሻ ፕሮግራም፣ ሰንጠረዥ አንብበው ከሚሰጡት ቁጥር ጋር አመሳከርኩ። አርባዎቹ መዝገቡ ላይ የሉም።

«ባለቤት የላቸውም፣ ይጥፉ» አለ አለቃችን።

ቅጂ የላቸውም፤ ከመካከላቸው የታካሚ መዝገብ የያዘ ቢኖር አንዴ ከጠፋ አይመለስም። እቴቴ ዝርዝሩን ተቀብላኝ መነጽሯን አደረገች።

«ይሄ እኮ አለ» አለች።

«የለም እቴቴ፣ ፈልጌዋለሁ።»

«አንተ ከራሱ ነው የፈለግከው። ጭራውን እየው።»

የመጨረሻዎቹ ስምንት ጥንዶች ሳይዛነፉ አንድ ናቸው። መጀመሪያው ግን መዝገቡ ላይ 31 47 82 56፣ ማሽኑ ጋ 56 82 47 31። የሚቀጥሉት ሁለት ጥንዶች፣ ከዚያም ሌሎቹ ሁለቱ፣ እንዲሁ ቦታ ተለዋውጠዋል።

አለቃው ወንበር ሳበ። «ድንገት ገጥሞ ቢሆንስ?»

«ስምንት ጥንድ? እየደጋገመ? አለቃዬ፣ እንደሱማ ቢሆን ሎተሪ ቆርጬ ቤቴ እቀመጥ ነበር።»

ለካ ሰንጠረዡ የቁጥሩን የመጀመሪያ ሦስት ቁራጮች፣ ባለ አራት ጥንዱንና ሁለቱን ባለ ሁለት ጥንድ፣ እያንዳንዱን ከትንሹ ጫፍ፣ ከኋላ ወደ ፊት፣ ነው የሚያስቀምጣቸው፤ ጭራውን እንዳለ ይተወዋል። አዲሶቹ ማሽኖች ሲያነቡ መልሰው ያቃኑታል፤ አሮጌዎቹ እንዳገኙት ያወጡታል። በማመሳከሪያ ፕሮግራሜ ውስጥ እነዚያን ጥንዶች መልሼ ገለበጥኳቸው። ከአርባው ሠላሳ ሰባቱ ባለቤታቸውን አገኙ። የደነቀኝ ስህተቱ አይደለም፤ ከዚያ ሁሉ ቁጥር አንዲት ጥንድ እንኳ አለመጉደሏ ነው። ሁሉም እዚያው ነበር፣ ፊቱን አዙሮ።

«ዝርዝሩ ላይ ዘጠነኛው የማን ነው?» አለ አለቃው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«የጨረር ሕክምና።»

እያንዳንዱ የካንሰር ታካሚ እስካሁን የወሰደው የጨረር መጠን የሚሰፍረው እዚያ ነው፤ እሱ ከሌለ ሐኪሙ ምን ያህል እንደቀረ አያውቅም። እቴቴ ከፈተችው። የሰባት ዓመት መዝገብ፣ መስመር በመስመር። ሦስታችንም አጎንብሰን ስናይ፣ አንዲት ነርስ ከጨረር ሕክምናው ክፍል ሆና የዚያን ሰዓት ታካሚ መጠን አስገባች፤ ከታች አንድ አዲስ መስመር ብቅ አለ።