እጅሽን ወደ ኋላ

ከሮቤ ወደ ጀርመን የወጣሁት አመሻሽ ላይ ነው፣ ብርዱ አጥንት ሰርስሮ ሲገባ። እናቴ ዱዓ አደረገችልኝ፤ አባቴ ሻንጣውን እኔ ካልተሸከምኩ ሞቼ እገኛለሁ አለ። ጎባ ነርስ ስለነበርኩ ስልጠና አዲሴ አልነበረም። እኛ ጋ ስልጠና ማለት አዳራሽ፣ ሻይ በብስኩት፣ ሰርተፍኬት ይዞ ፎቶ መነሳት ነው፤ በማግስቱ ሁሉም እንደ ድሮው ይሠራል።

ጀርመኖች ግን፣ ወላሂ፣ ሰው ያሠለጥናሉ! የተቀጠርኩት በአዛውንቶች መኖሪያ ነው። ፕሮበጻይት የሚሉት የሙከራ ጊዜ አላቸው፤ እሱን ካላለፍኩ ሥራውም የለ፣ መኖሪያ ፈቃዱም የለ።

እዚያ እጃቸው የሚንቀጠቀጥ አንዲት አሮጊት ከሾርባ ጋር ሲታገሉ አየሁና ማንኪያውን ተቀብዬ አጎረስኳቸው። ትልቅ ሰው ሲቸገር ቆሞ ማየት የት አገር አለ? ሾርባ ተብሎ ደግሞ! የባሌን ገብስ ያልቀመሰ ይደሰትበት። አሠልጣኜ ፍራው ሽታይን ወደ ጥግ ወሰደችኝ።

«ለምን አጎረስሻቸው?»

«እናቴን ያህላሉ እኮ።»

«እናትሽ አይደሉም። ዛሬ ካጎረስሻቸው ነገ እጃቸው ማንኪያ መያዝ ይረሳል።»

«ቢርባቸውስ?»

«ትጠብቂያለሽ።»

«እስከ መቼ?»

«እስኪጨርሱ። እጅሽን ወደ ኋላ አድርጊ። ከደገምሽው ሙከራውን አታልፊም።»

እጄን ወደ ኋላ አድርጌ ቆምኩ። ሾርባው ልብሳቸው ላይ ሲፈስ መጀመሪያ ሆዴ ይባባ ነበር፣ በኋላ ቅር ብቻ ይለኝ ጀመር፣ በኋላ ምንም። እውነቱን ልናገር፣ ሴትዮዋ ራሳቸው መብላት ቻሉ። እኔም አለፍኩ። ፍራው ሽታይን ስትጨብጠኝ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አላለኝም። አሁን ከአገር የሚመጡትን ልጆች የማሠለጥነው እኔ ነኝ። የሰው ጠባይ አይለወጥም የሚሉ ውሸታቸውን ነው።

ባለፈው እሁድ እናቴ ደወለች። አባቴን ስትሮክ መቶት ቀኝ እጁ አልታዘዝ ብሎታል።

«አልሃምዱሊላህ፣ ይበላል» አለችኝ። «ጎረቤቱ ሁሉ ተራ ገብቶ ያጎርሰዋል። አክስትሽም ከዲንሾ መጥታለች።»

«አታጉርሱት» አልኳት። «ማንኪያ ስጡትና ተዉት፣ ራሱ ይሞክር።»

ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ፣ ሃሎ አልኩ።

«አለሁ» አለች። «አባትሽን ነው እኮ የምልሽ።»

«አውቃለሁ፣ እማዬ። ለእሱ ብዬ ነው።»

ስልኩን አባቴ ጆሮ ላይ አደረገችለት። አንደበቱ ተሳስሯል፤ አንዲት ቃል ለማውጣት ብዙ ታገለ።

«በላሽ?» አለኝ።

«በላሁ» አልኩት። አልበላሁም ነበር። ምነው አጠገቡ ሆኜ አንዲት ጉርሻ ባጎረስኩት ብዬ ተንገበገብኩ። እናቴን ግን፣ ግድ የለም አጉርሺው፣ አላልኳትም።