ቀይ ስር በአራተኛው ቧንቧ

ቢራው ሮዝ ነበር። ጠማቂዋ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳችው፣ አዘነበለችው፣ ከዚያም ታላቅ ወንድሟን ጠራችው። ወንድሟ በያጅ ነው። የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መጣ።

«ጋሼ፣ እየው።»

«አየሁት። ምንድነው፣ የጥፍር ቀለም?»

«ቀይ ስር።»

በያጁ ብርጭቆውን አልተቀበላትም። ጨጓራ አለበት፤ ቢራ አይጠጣም። አብረው መጥመቅ ከጀመሩ ወዲህ እሱ ብረቱን ይሠራል፣ እሷ ቢራውን ትሠራለች። በዚህ ተጣልተው አያውቁም። የሚያጣላቸው አራተኛው ቧንቧ ነው።

ቤቱ ቀድሞ መኪና የሚታጠብበት ነበር። ወለሉ ወደ መሀል ያዘነብላል፤ መሀሉ ላይ ፍርግርግ ብረት የተጋደመበት የውሃ መውረጃ አለ። ለጠመቃ ከዚህ የተሻለ ወለል አይገኝም። በያጁ ሥራ ካቆመ የወተት ፋብሪካ አሮጌ ጋኖች አምጥቶ፣ ቆርጦና በይዶ ከኋላ ደረደራቸው። የፊተኛው ክፍል መጠጫ ሆነ። ከባንኮኒው ጀርባ፣ ግድግዳው ላይ አራት የድራፍት ቧንቧዎች ተተክለዋል። አንደኛው ቀላል ቢራ፣ ሁለተኛው ጥቁር ቢራ፣ ሦስተኛው የብርቱካን ልጣጭ የገባበት የስንዴ ቢራ። አራተኛው የሙከራ ነው።

የሙከራው ሕግ አጭር ነው። አዲስ ቢራ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ በርሜል ይከፈታል። ቤቱ ሳይዘጋ በርሜሉ ካለቀ፣ ቢራው ስም ያገኛል፣ ይቀጥላል። ካላለቀ የተረፈውን ጠማቂዋ በገዛ እጇ መሀል ወለሉ ላይ ትደፋዋለች፤ ሰው እያየ። ሕጉን ያወጣችው ራሷ ናት።

ብዙ ደፍታለች። የቲማቲሙን አንድ ደንበኛ ቀምሶ «ሰላጣው የታለ?» አላት። የባሕር ዛፍ ቅጠል የገባበትን ደግሞ ጡረተኛው አስተማሪ፣ ሰፈሩ ቲቸር የሚለው፣ «በማንኪያ ስጪኝ፤ ሳል ይዞኛል» አላት። በዱባው ማንም አልቀለደም። ማንም አልጠጣውምና።

ቀላሉ ቢራ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ወረፋው በር ይደርሳል። በያጁ አራተኛውንም ቧንቧ ለእሱ መስጠት ይፈልጋል።

«ይሄ የመጨረሻሽ ነው» አላት ያን ቀን። «ካለቀ ቧንቧው ያንቺ ነው፤ ሁለተኛ አላነሳብሽም። ካላለቀ ቀላሉ ይገባበታል፣ አንቺም እንደ ሰው ትጠምቂያለሽ።»

«አሁን እንደ ምን ነው የምጠምቀው?»

«እንደ ቀለም ቀቢ።»

እሱስ አልተሳሳተም። ወደ ቢራ ከመምጣቷ በፊት ቀለም ፋብሪካ ውስጥ ቀለም ታዋህድ ነበር። ሰው የመጋረጃ ቁራጭ ይዞ መጥቶ «ግድግዳዬን ይህን አስመስሉልኝ» ሲል፣ የምትጠራው እሷ ነበረች። ዓይኗን ጨፈን ከፈት አድርጋ፣ ከዚህ ጠብ ከዚያ ጠብ እያደረገች ታመጣዋለች። ፋብሪካው ማዋሃጃ ማሽን ሲገዛ የመጋዘን ቁልፍ አስያዟት። ቁልፍ መያዝ አልሆነላትም። ባሏ የከተማ አውቶቡስ ነጂ ነው፤ «ጠዋት ቀለም ልትቀላቅል ወጥታ ብቅል ተሸክማ ገባች» ይላል ታሪኩን ሲያሳጥረው። ሰፈሩ ግን ዛሬም «ቀለም» ነው የሚላት።

ቀይ ስሩንም ያመጣው ዓይኗ ነው። አትክልት ሻጯ ለሌላ ሰው ቀይ ስር ስትቆርጥ ቢላው ላይ የቀረውን ቀለም አየችና የመጣችበትን ሽንኩርት ረስታ አንድ ጆንያ ቀይ ስር ይዛ ተመለሰች።

መጀመሪያ ቀቀለችው። ቢራው ቡናማ ሆነ፣ አፈር አፈር አለ። ቀጥሎ ጎረቤት ዳቦ ቤት ዳቦው ከወጣ በኋላ ምድጃው ውስጥ ጠበሰችው። አፈሩ ጠፋ፣ ጣፋጭነት መጣ፤ ቀለሙ ግን አሁንም ሞተ። ሙቀት ቀለምን እንደሚገድል ከፋብሪካው ታውቃለች። ስለዚህ ግማሹን ጠብሳ ለጣዕሙ ከብቅሉ ጋር አበሰለችው። ግማሹን በጥሬው ጨመቀችና፣ ቢራው ተብላልቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ጭማቂውን ጨመረችበት። ጨመረች፣ አየች፣ ጨመረች። ልቧ እስኪረካ።

ከዚያ ቀመሰችው። ጠማቂ ሥራ ላይ አይጠጣም። ጉንጩን ሞልቶ ይጉመጠመጥና ይተፋል። ፍርግርጉ ላይ ተፋችና ብቻዋን ሳቀች። መጀመሪያ ጎምዘዝ፣ ቀጥሎ ጣፈጥ፣ መጨረሻ ላይ የተጠበሰ ነገር። አረፋው ሳይቀር ሮዝ ነው።

ቅዳሜ ፀጉር አስተካካዩ የመጀመሪያውን ብርጭቆ ወሰደ። አንዴ ተጎነጨ፣ ብርጭቆውን አየ፣ ደገመ። «ሌላ ቅጂልኝ፤ ይሄን እስክጨርስ» አለ። ከዚያ በኋላ ባንኮኒው ሥር መቆሚያ ጠፋ። ስልክ አውጥቶ ብርጭቆውን የሚያነሳ፣ «ወይ ጉድ፣ ከንፈሬን አየሽው?» የምትል፣ በአንድ እጁ ሁለት የሚያዝ። የቀላሉ ቢራ ወረፋ ተሰብሮ ወደ አራተኛው ዞረ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ቧንቧው አየር ተፋ። ቀለም እጇን ባንኮኒው ላይ ዘርግታ ወንድሟን አየችው። እሱ ጣሪያውን አየ።

እሑድ ጠዋት ስልኳ ጮኸ። ፀጉር አስተካካዩ ነው።

«ቀለም፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ አትሳቂ። ትናንት እዚያ ቤት ብርጭቆ ተሰብሮ ነበር?»

«አልተሰበረም። ምነው?»

«ደም ሸናሁ።»

አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። ስልኩን ሳትዘጋው ሌላ ገባ፤ ባለታክሲው ነው፣ ክሊኒክ ወረፋ ላይ። ቀጥሎ ቲቸር ደወለ።

«ኑዛዜዬን እየጻፍኩ ነው» አላት። «ለአንቺ ምንም የለም።»

ስንቱን መርዣለሁ፣ ብላ አሰበች። ጋኑ ዝጎ ይሆን? የማጠቢያው መድኃኒት ሳይለቀለቅ ቀርቶ ይሆን? ባሏ መጸዳጃ ቤት ነበር። በሩን ደበደበችው።

«አንተስ? ምን መልክ አለው?»

«ምኑ?»

«ሽንትህ!»

ከውስጥ «ሚስት ስታረጅ እንዲህ ታደርጋለች?» የሚል ድምፅ መጣ። «እንደ ሁልጊዜው ነው።»

እሱም ትናንት ጠጥቷል፤ ያ ደግሞ ይብስ ግራ አጋባት። ነጠላ ጫማዋን እንዳደረገች ፋርማሲስቷ ጋ ሮጠች። ፋርማሲው ከመጠጫ ቤቱ ፊት ለፊት ነው። ፋርማሲስቷ አስጨርሳ ሰማቻትና «ምን ነበር የጨመርሽበት?» አለች።

«ቀይ ስር።»

«በጥሬው?»

«ጭማቂውን። ቀለሙ እንዳይሞት።»

ፋርማሲስቷ ባንኮኒዋ ላይ ተደፍታ ሳቀች። መናገር የቻለችው ቆይታ ነው። ቀይ ስር የበዛበት ሰው አንዳንዴ ሽንቱ ይቀላል፤ ደም አይደለም፣ በአንድ ሁለት ቀን ይጠፋል፤ ያልጠፋለት ሐኪም ይየው። ሁሉም ሰው ላይ ደግሞ አይታይም፤ ባሏ ላይ ያልታየው ለዚህ ነው።

«ይሄን ያህል ጊዜ ስትሞክሪው አንድ ብርጭቆ እንኳ አልጠጣሽም?»

«እተፋለሁ።»

«ወንድምሽስ?»

«ጨጓራ አለበት።»

ቀለም ወደ ቢራው ምን እንደሚገባ ስታስብ ከርማ፣ ከሰውየው ምን እንደሚወጣ አላሰበችም ነበር። ለሁሉም መልሳ ደወለች። ባለታክሲው ከወረፋው ወጣ። ፀጉር አስተካካዩ ግን ተቆጣ። «የምሞት መስሎኝ እኮ ለሚስቴ ያልጠየቀችኝን ሁሉ ተናዘዝኩ» አለ።

በያጁ ወሬውን የሰማው እሷ ሳትነግረው ነው። ሰኞ ጋን ሥር ተኝቶ ብሎን እያጠበቀ ጠበቃት።

«በርሜሉ አልቋል» አለች ቀድማ። «ሕጉ ሕግ ነው።»

«ያለቀው ሳያውቁት ነው። እያወቁ ይጠጡልሽ። ሁለተኛው በርሜል አለሽ አይደል? ቅዳሜ ክፈቺው። ሰው ተመልሶ ከመጣበት ያንቺ ነው። ካልመጣበት፣» መፍቻውን ወደ ፍርግርጉ ቀሰረ።

ሳምንቱን ሙሉ ሰፈሩ ተሳለቀባት። አውቶቡስ ውስጥ ሳይቀር ባሏን «ቀይ መብራት ላይ እንዴት ነህ?» አሉት። አርብ ዕለት ሰሌዳ አወጣችና በቀለም ጻፈችበት፦ ቀይ ስር አለበት፤ ነገ ጠዋት ቀይ ብታዩ ቢራው ነው፤ አትደንግጡ። ከአራተኛው ቧንቧ በላይ ሰቀለችው።

«ሰው ሽንቱን እያሰበ ይጠጣል?» አላት በያጁ።

«ካልጻፍኩት ክሊኒክ እያሰበ ይጠጣል።»

ቅዳሜ ሰው መጣ። ሰሌዳውን አነበበ፣ ተሳሳቀ፣ ቀላል ቢራ አዘዘ። ቀለም ብርጭቆ ትወለውላለች፤ የወለወለችውን መልሳ ትወለውላለች። በያጁ በርሜሉ አጠገብ ክንዱን አጣምሮ ቆሟል። አንድም ሰው አራተኛውን አልጠራም።

ከዚያ ፀጉር አስተካካዩ ባለታክሲውንና ቲቸርን አስከትሎ ገባ። ሰሌዳውን ጮክ ብሎ አነበበው።

«ሦስት» አለ።

«እርግጠኛ ነህ?» አለችው።

«እኔ ከዚህ በላይ ምን ሊመጣብኝ? ሁሉን ተናዝዣለሁ።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ከጥግ አንዱ «እኔ ግን ባለፈው አራት ጠጥቼ ምንም አላየሁም» አለ።

«ውሃ ቀላቅለህበት ነው» አለው ባለታክሲው።

«ኩላሊቱ ሰነፍ ነው» አለ ቲቸር።

«የማን ኩላሊት? ቅጂልኝ።»

«ለእኔም ቅጂ» አለ አውቶቡስ ነጂው፣ ፈረቃውን ጨርሶ ከነዩኒፎርሙ እየገባ። «የገዛ ሚስቴ ቢራ እኔን ዘሎ ጎረቤት ያቀላል?»

ከዚህ በኋላ የሚያቆማቸው አልተገኘ። የቀላው ያልቀላውን ያሾፍበታል፣ ያልቀላው እልህ ይዞት ይደግማል። ያልጠጣው የቱ ወገን እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋል። ፋርማሲስቷ ነጭ ጋዋኗን ሳታወልቅ ተሻግራ መጣች፤ «ለጥናት ነው» ብላ ቆማ ጠጣች። ቀለም አንዱን ብርጭቆ ሳታስቀምጥ ሌላው ይዘረጋል። ክንዷ እስከ ክርኗ ሮዝ አረፋ ሆነ።

ቧንቧው አስነጠሰ፣ ግማሽ ብርጭቆ አረፋ ተፋ፣ ቆመ። በያጁ በርሜሉን በአንድ እጁ አንስቶ ነቀነቀው። ድምፅ የለውም። ወስዶ ከባዶዎቹ ጋር ደረደረው።

«ያንቺ ነው» አላት።

ስም ለማውጣት ሁሉም ባንዴ አፉን ከፈተ፤ የሚደማመጥ አልነበረም። በያጁ ባንኮኒው ላይ ተደገፈ።

«አራት ቧንቧ፣ አራት ቢራ። ቀጣዩን ሙከራ የት ልታደርጊው ነው?»

ቀለም ግድግዳውን አየች። ይህን አላሰበችበትም።

«ሙከራ አለኝ መቼ አልኩህ?»

«ሽርጥሽ ኪስ ውስጥ ያለው ምንድነው?»

አወጣችው። የሎሚ ቅጠል ነው። ጠዋት ከዳቦ ቤቱ ግቢ ቀጥፋው ነበር። በያጁ ቅጠሉን አየ፣ እሷን አየ፣ ወደ ኋላ ሄደ። ሲመለስ ድሪልና እርሳስ ይዟል። ከአራተኛው ቧንቧ ጎን በክንዱ ለካ፣ ምልክት አደረገ፣ መነጽሩን ወደ ዓይኑ አወረደ።

«እጃችሁን ብርጭቆ ላይ አድርጉ» አለ ለቤቱ። «አቧራ አለ።»

ሁሉም ብርጭቆውን በመዳፉ ከደነ። ድሪሉ ጮኸ፣ ግድግዳው ነጭ ዱቄት ተፋ። ቀለም ቅጠሉን በጣቶቿ አሸችና ፀጉር አስተካካዩ አፍንጫ ሥር አስጠጋችው።

«አሽትት» አለችው።